ሰኞ የተዋጠች ክኒን ዓርብ ትታያለች

በብዙ ቤት ከጨው ዕቃውና ከስኳሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ የክኒን ዕቃ ትቀመጣለች። ዋርፋሪን ናት። ሥራዋ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ማድረግ ነው። የልብ ቫልቩ በብረት ቫልቭ የተተካለት ሰው ዕድሜ ልኩን ይውጣታል። መጠኗ ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ አንጎል ውስጥ ከገባ ሰውን ሽባ ያደርጋል። መጠኗ ሲበዛ ደግሞ ድድ ይደማል፣ ነስር አልቆም ይላል፣ ሲብስም ደም በጨጓራ ወይም በጭንቅላት ውስጥ ይፈሳል። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ የሚያሳየው አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 አካባቢ ነው። በግራ በኩል ባለው ሚትራል በሚባለው የልብ በር የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ድረስ እንዲሆን ይፈለጋል።

ታካሚዎችን የሚያስጨንቀው ነገር ይህ ነው፦ ክኒኗ ያው፣ የምትዋጥበት ሰዓት ያው፣ ቁጥሩ ግን በአንዱ ቀጠሮ 2.7፣ በሚቀጥለው 4.2፣ ከዚያ 1.8 ይሆናል። ታካሚው ራሱን ይወቅሳል። ቤተሰቡም «ረስተህ ይሆናል እንጂ» ይለዋል። አንዳንዴ እውነት ረስቶ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚወቀስ ሰው የለም። ክኒኗ የምትሠራበት መንገድ ራሱ ሦስት አስቸጋሪ ጠባዮች አሉት፦ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት የሚገባው በየቀኑ በአንድ ጊዜ ዘለል እያለ ነው፤ ውጤቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ በመሃልም ኑሮ ድንገተኛ ለውጥ ይዞ ይመጣል። የሒሳብ ሰዎች እነዚህን ሦስት ጠባዮች በአንድ ላይ የያዘ ሥርዓት በረጅም ጊዜ ይረጋጋል ወይስ አይረጋጋም የሚለውን ጥያቄ ለአሥርት ዓመታት ሲያጠኑት ቆይተዋል። ያገኙት መልስ ከምርምር ክፍል ወጥቶ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ።

የዋርፋሪን ታሪክ ከመነሻው የመዘግየት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የነበሩ ከብት አርቢዎች ጣፋጭ ክሎቨር የተባለ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶቻቸው ደማቸው ሳይረጋ እየፈሰሰ ያልቁባቸው ነበር። ነገሩ ግራ የሚያጋባው ከብቱ ድርቆሹን በልቶ ወዲያው ስለማይታመም ነው። በየካቲት 1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ ያልረጋ ደም በወተት ጣሳ ሞልቶ በበረዶ ማዕበል መካከል ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ወሰደ፤ የተቀበለው ካርል ሊንክ የሚባል የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበር። የሊንክ ቡድን ከዓመታት ድካም በኋላ ጥፋተኛውን ንጥረ ነገር ለየው። ከእሱ ዘመዶች አንዱ የሆነው ዋርፋሪን በ1948 ለገበያ የቀረበው ለአይጥ መርዝነት ነበር። ለዚያም መዘግየቱ ጠቅሞታል፦ አይጧ በልታ ወዲያው ስለማትሞት ሌሎቹ ምግቡን አይጠረጥሩም። በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ፤ በ1955 የልብ ሕመም የደረሰባቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከወሰዱት ሰዎች መካከል ነበሩ።

በአገራችን ነገሩ ይበልጥ ይነካናል። ሳይታከም የቀረ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ የልብ በሽታ የብዙ ወጣቶችን ቫልቭ ያበላሻል፤ በተለይ ሚትራልን። ቫልቫቸው በብረት የተተካላቸው ልጆችና ወጣቶች ከዋርፋሪን ሌላ እውነተኛ አማራጭ የላቸውም። አዲሶቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ክኒኖች ይህን ያህል የምርመራ ምልልስ አይጠይቁም፤ ዳቢጋትራን የተባለው ግን የብረት ቫልቭ ባላቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ የደም መርጋትንም የደም መፍሰስንም ስላበዛ ጥናቱ ተቋርጧል፤ ውጤቱም በ2013 ታትሟል። ስለዚህ አሮጌዋን ክኒን ጠባይዋን አውቆ መያዝ የግድ ነው።

በመጀመሪያው ጠባይ፣ በዘለላው እንጀምር። ዋርፋሪን ሰውነት ውስጥ ከገባች በኋላ በግምት በ40 ሰዓት ውስጥ ግማሿ ታልቃለች። ይህ ከሰው ሰው በእጅጉ ቢለያይም ለሒሳባችን 40ን እንያዝ። በ24 ሰዓት ውስጥ ታዲያ ከመቶው 66 ያህሉ ይቀራል። በየማታው 5 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው በመጀመሪያው ማታ 5 አለው። በሁለተኛው ማታ ከተረፈው 3.3 ላይ 5 ተጨምሮ 8.3 ይሆናል። ቀጥሎ 10.5፣ ከዚያ 11.9፣ ከዚያ 12.9። እንዲህ እያለ የሚጠጋው ወደ 14.7 ነው። እዚያ ሲደርስ በአንድ ቀን ውስጥ የሚጠፋው ልክ 5 ይሆናል፤ ማታ የሚገባው 5 የወጣውን ይተካል። ከዚያ በኋላ መጠኑ ከመዋጥ በፊት 9.7፣ ከመዋጥ በኋላ 14.7 እያለ ይመላለሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምናየው ነገር አለ። አንድ ሌሊት ክኒኗ ብትረሳ ምን ይሆናል? በዚያች ማታ ሰውነት ውስጥ ያለው መጠን መሆን ከነበረበት በ5 ያንሳል። በማግሥቱ እንደ ወትሮው አንድ ብቻ ቢዋጥ ጉድለቱ 3.3 ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን 2.2፤ ከሳምንት በኋላ 0.3 እንኳ አይሞላም። ማንም ሳያስተካክለው ጉድለቱ በራሱ ይሞታል። በተቃራኒው በስህተት ሁለት የተዋጠም እንደሆነ ትርፉ በዚያው ፍጥነት ይጠፋል። የሒሳብ ሰዎች መረጋጋት የሚሉት ይህን ነው፦ ከየትም ብትነሣ፣ ምንም ቢገፋህ፣ ልዩነቱ በየጊዜው በተወሰነ እጅ እየቀነሰ ወደዚያው ማረፊያ ትመለሳለህ። «የረሳሃትን በማግሥቱ ደርበህ አትዋጥ» የሚለው ምክርም ከዚህ ሒሳብ ጋር ይስማማል። በእርግጥ ተረስታ ከነበረ መደረብ የሚያመጣው ትርፍ 1.7 ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ተዋጠች ወይስ አልተዋጠችም የሚለውን ያላስታወሰ ሰው ተሳስቶ ቢደርብ መጠኑ 19.7 ይደርሳል። የማይደርብ ሰው የሚጠብቀው ጉድለት በራሱ የሚጠፋ ከሆነ ያንን አደጋ የሚገዛበት ምክንያት የለም። በዚያው ቀን ካስታወሳት ግን ይዋጣት።

እስካሁን ያየነው መድኃኒቱን ብቻ ነው። ምርመራው የሚለካው ደግሞ መድኃኒቱን አይደለም፤ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው። ቫይታሚኑ አንዴ ካገለገለ በኋላ ታድሶ ለሥራ ይመለሳል። ዋርፋሪን የምትዘጋው ይህን የእድሳት መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ፕሮቲኖች እንደ ቀድሞው አይሠሩም፤ ቀድሞ የተሠሩት ግን በደም ውስጥ እየዞሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ክኒኗ እነሱን አትነካቸውም፤ በራሳቸው ጊዜ እስኪያልቁ መጠበቅ ብቻ ነው። ከእነሱ አንዱ ፋክተር ሰባት በስድስት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ያልቃል። ፕሮትሮምቢን የሚባለው ዋናው ግን በግማሽ ለመቀነስ ከሁለት ቀን ተኩል በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የተቀየረ መጠን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ቁጥሩን ማንቀሳቀስ ቢጀምርም ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ብዙ ቀናት ያልፋሉ። ዓርብ የተነበበው ቁጥር በአመዛኙ የሰኞና የማክሰኞ ክኒን ታሪክ ነው።

መዘግየትን ምግብ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወጥ ላይ ድፍን ጨው ጥለህ ሳይሟሟ ብትቀምስ አልጫ ነው፤ ትጨምራለህ፤ ደግመህ ትቀምሳለህ፤ ትጨምራለህ። ሁሉም ሲሟሟ ወጡ አይበላም። ጥፋቱ የመጣው ከመጨመር ሳይሆን ያለፈው ጨው ሳይናገር ሌላ ከመጨመር ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። አይ ኤን አር ከሚፈለገው በ1 ከፍ ብሏል እንበል። በየጊዜው ያየነውን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት እንሞክራለን፤ ነገር ግን የምናየው ቁጥር ሁልጊዜ ከሁለት እርምጃ በፊት የነበረው ነው። መጀመሪያ ልዩነቱ 1፣ 1፣ 1 ሆኖ ይቆያል። ከዚያ 0 ይሆናል፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን አሁንም የምናየው የድሮውን 1 ስለሆነ መቀነሱን እንቀጥላለን፦ በ1 ዝቅ፣ በ2 ዝቅ፣ እንደገና በ2 ዝቅ። ከዚያ ሽቅብ መሳብ እንጀምራለን፦ በ1 ዝቅ፣ በ1 ከፍ፣ በ3 ከፍ፣ በ4 ከፍ። የጀመርነው በ1 ነበር፤ በቅን ልቦና እያረምን 4 አደረስነው። እርምቱን በግማሽ ብንቀንሰውና በየጊዜው ካየነው ልዩነት ግማሹን ብቻ ብናርም ደግሞ ቁጥሩ ከሚፈለገው በ0.75 ዝቅ ይላል፤ ቀጥሎ ሽቅብ ሲመለስ ከ0.56 አያልፍም፤ እንዲህ እየዋዠቀም ቢሆን ይሞታል። መዘግየቱ አልተነካም፤ የተቀነሰው የእርምቱ ኃይል ብቻ ነው። በእርግጥ የሰው ደም እንዲህ በቀጥታ አይታዘዝም፤ ይህ የተጠረበ ሞዴል ነው። ጠባዩ ግን እውነተኛው ጠባይ ነው።

እንዲህ ያለውን የዘገየ እርምት ቀመር ያጠኑት ሰዎች ወሰኑን በትክክል አግኝተውታል፤ እኔን በጣም የሚማርከኝም ይህ ነው። በአንድ ቀን ከልዩነቱ ስንት እጅ እንደምታርም ወስደህ በመዘግየቱ ቀናት ታባዛለህ። ብዜቱ ከ0.37 ካልበለጠ ልዩነቱ ያለ ምንም ውዝዋዜ ወደ ማረፊያው ይገባል። ከ0.37 በልጦ ከ1.57 ካነሰ ይዋዥቃል፤ ግን ውዝዋዜው እየሞተ ይሄዳል። ከ1.57 ካለፈ ውዝዋዜው ያድጋል። መዘግየቱ 5 ቀን ከሆነ በቀን ከልዩነቱ 7 በመቶውን ማረም 0.35 ስለሚሆን ጸጥ ብሎ ይገባል። በቀን 10 በመቶ ቢሆን 0.5 ነው፤ ትንሽ ወዝወዝ ብሎ ይረጋል። በቀን ሢሶውን ለማረም የሚጣደፍ ግን 1.67 ላይ ይደርስና ሥርዓቱን ራሱ ያናውጠዋል። ይህ ቁጥር መጠን የሚወሰንበት ሰንጠረዥ አይደለም፤ ማንም በቤቱ በዚህ ክኒኑን እንዳይቀይር። የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ መዘግየት ባለበት ቦታ የእርምት ፍጥነት ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ሲታለፍ ትጋት ራሱ ሕመም ይሆናል።

ሐኪሞች ይህን ያለ ቀመሩ በልምድ ደርሰውበታል። ቁጥሩ ትንሽ ሲዛነፍ የሳምንቱን ጠቅላላ መጠን ከ5 እስከ 20 በመቶ ብቻ ይቀይራሉ፤ ከዚያም ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይለካሉ። በጥቂቱ የወጣ ቁጥር ሲሆን ጭራሽ ምንም ሳይነኩ ቀጠሮ ብቻ የሚያሳጥሩም አሉ። ታካሚው «ምንም አላደረጉልኝም» ብሎ ቅር ብሎት ይወጣል። ያ አለመንካት ከሁሉ የተሻለው እርምት ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡ እዚህ የደረሰው በብዙ ሰዎች እጅ ነው። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ልያፑኖቭ በ1892 በካርኪቭ በታተመ ሥራው አንድ ሥርዓት መረጋጋቱን ለማወቅ ቀመሩን እስከ መጨረሻው መፍታት እንደማያስፈልግ አሳየ፤ ከማረፊያው ያለውን ርቀት የሚለካ አንድ መለኪያ አበጅቶ እሱ ዘወትር እንደሚቀንስ ማረጋገጥ ይበቃል። መዘግየት ሲኖር ግን ይህ ያስቸግራል፤ መለኪያው አንዳንዴ ከፍ ይላልና። በ1956 ራዙሚኪን የተባለ ሌላ የሶቪየት ምሁር የልያፑኖቭን ሐሳብ አቃለለው። መለኪያው ሁልጊዜ መቀነስ የለበትም። የዛሬው ርቀት በመዘግየቱ ዘመን ውስጥ ከታዩት ሁሉ ጎልቶ በወጣ ጊዜ መቀነስ ከጀመረ ከሞላ ጎደል በቂ ነው። በትንሹ ከፍ ዝቅ ማለት ይፈቀዳል፤ አዲስ ክብረ ወሰን መስበር ግን አይፈቀድም። የአይ ኤን አር ደብተሩን እያገላበጠ የሚጨነቅ ሰው ሊይዘው የሚገባ ዓይን ይህ ይመስለኛል። በ1960 ደግሞ ሚልማንና ሚሽኪስ የተባሉ ምሁራን ድንገት በሚዘሉ ሥርዓቶች መረጋጋት ላይ ጽፈው በር ከፈቱ። በ1977 በካናዳ የማጊል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማኪ እና ግላስ የተባሉ ተመራማሪዎች የደም ሴል አመራረትን የሚገልጽ አንድ ቀላል ቀመር ወስደው መዘግየቱን ብቻ ሲያስረዝሙት የተረጋጋው ሥርዓት መጀመሪያ ወደ ምልልስ፣ ከዚያ ሊተነበይ ወደማይችል ትርምስ እንደሚገባ አሳዩ።

የቀረው ድንገተኛው ለውጥ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ በክትትል ክፍልም በቤትም ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ።

አንዱ መጥቶ የሚያልፍ ግፊት ነው፦ የተረሳች ክኒን፣ አንድ ቀን የተበላ ብዙ ጎመን። ሥርዓቱ የተረጋጋ ከሆነ ይህ በራሱ ይሞታል፤ አለመንካት ነው። ግን ግፊቶቹ ከተደጋገሙ እንደ ክኒኗ ራሷ ይደራረባሉ። አንዱ ግፊት ወደ አንድ አሥረኛው ሳይወርድ ሌላው የማይመጣ ከሆነ ድምሩ ከ1.1 እጥፍ ብዙም አያልፍም። ግማሹ እንደሞተ ሌላው ከመጣ ወደ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። አንድ አሥረኛው ብቻ ጠፍቶ ሌላው ከደረሰ ወደ አሥር እጥፍ ይከማቻል። ጉዳቱን የሚወስነው የግፊቱ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን በግፊቶቹ መካከል ያለው ፋታም ነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም ችላ የማይባል አንድ አለ። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል፣ እንዲሁም ኮትሪሞክሳዞል ዋርፋሪን ከሰውነት እንዳትወጣ ስለሚያግዱ አይ ኤን አርን በቀናት ውስጥ እጅግ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ክኒኖቹ ሲያልቁ ቁጥሩ ይመለሳል፤ በሒሳብ ቋንቋ ሥርዓቱ የተረጋጋ ነው። መረጋጋት ግን በመጨረሻ እንደምትመለስ ይነግርሃል እንጂ በመንገድ ላይ እስከ የት እንደምትወጣ አይነግርህም። ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም ቁጥሩ ስለተመለሰ አይመለስም። ከመድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ የሚገዛ «የሆድ መድኃኒት» ለዋርፋሪን ተጠቃሚ ክልክል ሊሆን የሚገባው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የለውጥ ዓይነት ማረፊያውን ራሱን ያንቀሳቅሳል። ለእኛ ትልቁ ምሳሌ ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋው፣ እንቁላሉና ወተቱ ሲቀር በብዙ ቤት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይበዛል። እነዚህ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች በቫይታሚን ኬ የተሞሉ ናቸው፤ ለአዋቂ በቀን የሚበቃው ከ90 እስከ 120 ማይክሮ ግራም ሲሆን ግማሽ ኩባያ የበሰለ ጎመን ከዚያ በብዙ እጥፍ ሊይዝ ይችላል። በየቀኑ የሚበላ ጎመን ከቀን ወደ ቀን የሚሞት ግፊት አይደለም። አይ ኤን አር ይወርድና አዲስ ዝቅተኛ ማረፊያ ያገኛል፤ ምንም ያህል ቢጠበቅ ክኒኗ ካልተስተካከለች አይመለስም። ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፤ ትክክል ነው። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። በአንድ ሌሊት ጎመኑ ከማዕዱ ይወጣል፣ ዶሮው ይገባል፣ አንዳንዱ ቤት ጠላውና አረቄውም ይታከላል። መጠኑ ግን ለጾሙ እንደተጨመረ ነው። ቁጥሩ ሽቅብ መሄድ ሲጀምር ታካሚው በበዓሉ ደስታ ውስጥ ነው፤ ቀጠሮውም ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ጎመንን መተው አይደለም። ጎመን ጭራሽ የማይበላ ሰው የቫይታሚን ኬ ክምችቱ ስለሚሳሳ በትንሽ ለውጥ ቁጥሩ ብዙ ይናወጣል። የሚያስፈልገው በጾምም በፍስክም ተመጣጣኝ መጠን ያለው ጎመን ነው፤ ለምሳሌ በሳምንት በተወሰኑ ቀናት፣ በተመሳሳይ ጭልፋ። ይህን ለማድረግ የማይመች ሰው ደግሞ ለውጡን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይናገር። የዘገየ ምርመራ የሚነግረንን ቁጥር ከመጠበቅ ሊመጣ ያለውን ቀድሞ ማሳወቅ መዘግየቱን ያሳጥረዋል፤ የጾሙና የበዓሉ ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፎ ሳለ ማንም በድንገት ሊያዝ አይገባም።

ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስዱ ወይም የሚወስድ ሰው የሚያስታምሙ ከሆነ፦ ጾም ከመግባቱ በፊትና ከመፈታቱ በፊት ወደ ክትትል ክፍልዎ ሄደው «አመጋገቤ ሊለወጥ ነው» ይበሉ፤ ከለውጡ በኋላ ባለው ሳምንት ውስጥ የሚለኩበት ቀጠሮ ይጠይቁ። ሌላ ማንኛውም መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ሳይነግሩ አይውጡ። ነስር ካልቆመ፣ ሽንትዎ ከቀላ፣ ሰገራዎ ከጠቆረ ወይም ከባድ ራስ ምታት ድንገት ከያዘዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።